በበቅሎ የተለወጠችው ሽጉጥ

በእኛ አገር ሽጉጥ ለገዛ ሰው የሚባል አንድ ነገር አለ። እንግዳ ሲሰማው እርግማን መስሎት ይደነግጣል፤ ባለ ሽጉጡ ግን ጎንበስ ብሎ «አሜን» ይላል። የዛሬ ልጆች ተረቱን ከነአሜኑ ይዘውታል፤ ከየት እንደመጣ ብትጠይቋቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ደግሞ መነሻው የማይታወቅ ተረት ጨው እንደሌለው ወጥ አልዋጥልህ ይለኛል። ስለዚህ እንደሰማሁት ላውጋችሁ።

ይበልጣል የሚባል ማር ነጋዴ ነበር። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ከተጋቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸው እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፤ ስለቱም ጠበሉም ታክቷቸው፣ ሐሜተኛው እንኳ ሰልችቶት ዝም ባለበት ጊዜ አንጓች ፀነሰች። ይበልጣል ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እንስራውን ይቀማታል፤ ስታስነጥስ ከደጅ ሮጦ ይገባል። «ያረገዝኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። አንጓችም ወሯ ሳይገባ ወደ ወላጆቿ መሄድ ነበረባት። መንገዱ ግን ሰባራ ድንጋይ በሚባል ገደል ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ደግሞ ሽፍቶች አንድ ጨው ነጋዴ ደብድበው፣ ጋቢውን ገፈው ለቀቁት ተብሎ በገበያ ተወራ። ይበልጣል እንቅልፍ አጣ። እርሱን ቢገፉት ግድ አልነበረውም። እርሷን ቢያስደነግጧትና ያ ስንት ዓመት የተለመነ ልጅ ቢጨነግፍስ? በመጨረሻ ለማንም ሳይናገር በቅሎው ላይ ወጥቶ ወደ ከተማ ወረደ።

በከተማው በፈቃድ ጦር መሣሪያ የሚሸጡ አሥር አለቃ ዘገየ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሽጉጦቻቸውን ዘይት በነካው ጨርቅ ጠቅልለው በሣጥን ያስቀምጣሉ።

«ለምን ሥራ ነው የምትፈልጋት?» ብለው ጠየቁት።

«ለወገቤ ነው። ለመንገድ። ብቻ እንዳትታይ።»

መጀመሪያ አፈሙዟ ረጅም የሆነችውን አወጡለት። «ይህቺ ጎሽ ትጥላለች» አሉት። ይበልጣል ታጠቃትና አንድ እርምጃ ሲራመድ ሱሪው ወረደ። ሁለተኛዋ ስድስት ጎራሽ ነበረች፤ ከጋቢው ሥር እንደ ዳቦ ጉብ ብላ ታየች። ሦስተኛዋ ከመዳፍ አትበልጥም። ከኮቱ ሥር ሲሸጉጣት የሌለች ያህል ጠፋች። ያን ጊዜ ፊቱ በራ።

ዋጋዋን ሲሰማ ግን የበራው ፊት ጠቆረ። የትልቋ እጥፍ ነበረች።

«ጌታዬ፣ ብረቱ አንሶ ዋጋው የሚበዛው ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«በሬ ስትገዛ የምትከፍለው ለሥጋው ነው» አሉ አሥር አለቃ። «ይህችን ስትገዛ የምትከፍለው ላለመታየቷ ነው። ምክሬን ከሰማህ ግን ትልቋን ውሰድ። የምትታይ ሽጉጥ ጠበኛን ከሩቅ ትመልሳለች፤ የተደበቀች ግን ጠቡ ከደረሰ በኋላ ነው የምትወጣው።»

«ሽጉጥ አንጠልጥዬ አማቶቼ ቤት ልግባ? ልጃችንን ለሽፍታ ዳርን ይበሉ?» አለ ይበልጣል። የማር ገንዘቡ ግን ለግማሿም አይበቃም። አሥር አለቃ በበሩ አሻግረው ደጅ የታሰረችውን በቅሎ አዩ። ረጋ ያለች፣ ሕፃን ቢጎትታት የምትከተል፣ ገደል ላይ እግሯን እየመረጠች የምታስቀምጥ በቅሎ ናት።

«እርሷን ብትለቅልኝ እንዋዋላለን» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሚስትህ ታውቃለች?» ብለው ጠየቁት።

«ለእርሷ ብዬ እኮ ነው!» አለ ይበልጣል። ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ወዲያው ተዋዋሉ። አሥር አለቃ ኮርቻ ሞልቶኛል ስላሉት ኮርቻውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ሽጉጧን ሸጉጦ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጣ።

አንጓች ከሩቅ ባሏን ኮርቻ ተሸክሞ ስታየው ደረቷን ይዛ ቆመች።

«በቅሎዋ ሞተች?»

«ኧረ ደህና ናት።»

«ታዲያ የት አለች?»

ግራ ቀኙን አይቶ ኮቱን ገለጥ አደረገላት። «በዚህች ለወጥኋት። ከእንግዲህ ሰባራ ድንጋይ ላይ ማንም ዐይኑን አያነሣብሽም!»

አንጓች ሽጉጧን አየች፤ ኮርቻውን አየች፤ ቀጥላ የገዛ ሆዷን አየች።

«እኔስ በምን ልሂድ?» አለችው።

ታምኑኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ይህ ነገር እስከዚያች ሰዓት ድረስ በይበልጣል ሐሳብ አልመጣም ነበር። ስለ ሽፍቶቹ ብቻ ነበር የሚያስበው። አንጓች ሳቀች፣ ሳቀችና ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። እርሱም ከእግሯ ሥር ተቀምጦ፣ «አዝልሻለሁ» አላት።

«ሁለታችንንም?» አለች እንባዋን እየጠረገች። ይህን ሲሰማ እርሱም አለቀሰ።

ወሬው እንዳይዛመት ብሎ የጎረቤት በቅሎ መለመን አፈረ። ወሬው ግን ከኮርቻው ጋር አብሮ ነው መንደር የገባው። በሚቀጥለው ገበያ ከአንጓች አባት ከአቶ ቢተው ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም የራሳቸውን በቅሎ ጭነው፣ ለልጃቸው እንዲመቻት ከኮርቻው ላይ የበግ አጎዛ ደርበው ተነሡ።

ባልና ሚስቱ በበኩላቸው ቀስ እያሉ፣ ባገኙት ጥላ ሁሉ እያረፉ በእግር ይጓዙ ነበር። መንገድ ዳር ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ ሰባራ ድንጋይ ገቡ። ገደሉን ጉም ሞልቶታል። መካከሉ ላይ ሲደርሱ ከፊታቸው የኮቴ ድምፅ ተሰማ።

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው። ይበልጣል አንጓችን ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስቀምጦ ከፊቷ ቆመ። እጁን ወደ ሽጉጧ ሰደደ። ጋቢው ያዘው፤ ጋቢውን ሲጥል ኮቱ፣ ኮቱን ሲገልጥ ቀበቶው። እንዳትታይ ተብላ የተደበቀች ሽጉጥ ለባለቤቷም አልታይ አለች። በመከራ መዝዞ ሲያነጣጥር በጉሙ ውስጥ የሰው ጥላ ከፊቱ ነበር። «ማነህ? ቁም!» ማለትን እንኳ ረሳ። ጥላው አልቆመም። ይበልጣል ጣቱን ቃታው ላይ አደረገ።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው «እህህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አንጓች ይህን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ አባቷ የቤታቸውን ደፍ ሳይረግጡ በፊት የሚያሰሙት ድምፅ ነው።

«አባዬ ነው!» ብላ በሁለት እጇ የባሏን ክንድ ይዛ ተንጠለጠለችበት።

አቶ ቢተው በቅሏቸውን እየሳቡ ብቅ አሉ። አፈሙዙን አዩና ቆሙ። ይበልጣል ሽጉጧ ከእጁ ወደ ሣሩ ስትወድቅ አልታወቀውም፤ ሄዶ እግራቸው ላይ ተደፋ። «አባባ፣ ልገድልዎ ነበር... እኔ እኮ ለእርሷ ብዬ... ልገድልዎ ነበር!» እያለ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሽማግሌውም ትከሻውን ይዘው አነሡት። አልተቆጡትም። ሰው ከመውደድ ብዛትም እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር መሰለኝ።

በእኛ አገር አዲስ ዕቃ የያዘ ሰው ለሽማግሌ አሳይቶ ይመረቃል። ልብስ ከሆነ «ለብሰህ ጨርሰው» ይባላል፤ በሬ ከሆነ «አርሰህ ጥገብበት»። አንጓችን ባሏ በአባቷ ፊት እንዲህ ተዋርዶ መቆሙ አንጀቷን በላው።

«አባዬ፣ አዲስ ዕቃው ነው። መርቅለት» አለች።

አቶ ቢተው ሽጉጧን በሁለት ጣታቸው ከሣሩ አንሥተው ሰጡት። ጤዛ አርሷት ስለነበር ይበልጣል በጋቢው ጫፍ ሊያደርቃት ሲል እጁን ያዙት።

«ተዋት ልጄ፣ አትጥረጋት» አሉት። «ዝገት ይብላት።»

ይበልጣል ክው አለ። «እየረገሙኝ ነው አባባ?»

ሽማግሌው አስቀድመው ልጃቸውን ደግፈው አጎዛው ላይ አስቀመጧት፤ እርካቡን አስተካከሉላት፤ የበቅሎዋን ልጓም ለአማቻቸው በሌላው እጁ አስያዙት፤ ከዚያም እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ልብስ በማለቁ፣ በሬ በማረሱ ይመረቃል፤ የሽጉጥ ምርቃቱ ዝገቱ ነው።»