የአያ ይማም ዜሮ

አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ አሁን ተምታቶብኛል፣ ከከተማ አንድ ዶክተር ወደ ቆላ ጉልባ ወረደ። ለምሳው የታረደው ፍየል ነው የሚል አለ፣ በግ ነው የሚልም አለ፤ እኔ ፍየል ብዬ እጽፋለሁ፣ ከተሳሳትኩ የአገሩ ሰው ያርመኝ። ወሩ ግን ግንቦት ነው፤ እሱን ማንም አልተከራከረበትም።

ዶክተሩ ልሳነወርቅ ይባላል። ሐኪም አይደለም፤ የሚያጠናው ወንዝ ነው። በጉልባ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ካሉት ቀበሌዎች የትኛው በቂ የሚጠጣ ውሃ አለው፣ የትኛው የለውም የሚለውን አጥንቶ ካርታ ቀብቷል። ውሃ ያለው ቀበሌ አረንጓዴ፣ የሌለው ቀይ። ለቀዩ የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ይላክለታል። ለአረንጓዴው እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል ደብዳቤ ይጻፍለታል።

ቆላ ጉልባ አረንጓዴ ተቀብታለች። የቀረው የዶክተሩ ፊርማ ብቻ ነበር።

ይህን ሲሰማ ከሁሉ ይልቅ የከፋው አያ ይማም ነው። ወንዙ ውስጥ የቆመውን ቁጥር የተጻፈበት ብረት ጠዋትና ማታ እያየ፣ ውሃው የደረሰበትን በመዝገብ የሚያሰፍረው እሱ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላጓደለም። ታዲያ ከጥር እስከ ሰኔ ወንዙ ስለሚደርቅ፣ በእነዚያ ወራት የሚጽፈው ዜሮ ነው። ጠዋት ዜሮ፣ ማታ ዜሮ። ሚስቱ ዘሀራ በበኩሏ በእነዚያ ወራት አህያ እየነዳች ሦስት ሰዓት ተጉዛ ከማዶ ውሃ ታመጣለች።

ዶክተሩ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ወንዙን ሊያይ ሲወርድ አያ ይማም ብረቱ አጠገብ ቆሞ ጠበቃቸው። ሦስቱም የቆሙት ወንዙ መሃል ነው። ጫማቸውን አሸዋ እንጂ ውሃ አልነካውም።

ዶክተሩ ወረቀቱን ገልጦ፣ «የግንቦት የውሃ ከፍታ ስድሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር» ብሎ አነበበ።

አያ ይማም ብረቱን አየ፣ አሸዋውን አየ፣ ዶክተሩን አየ። «ዶክተር፣ ወንዙ የለም እኮ» አለ።

«አባባ፣ የዛሬን ብቻ አይተን አንፈርድም። እኔ የሰባት ዓመት መረጃ ነው ያየሁት።»

«የሰባት ዓመቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግንቦትን ሁሉ ዜሮ ነው ያልኩት።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «አይቼዋለሁ። መዝገብ ያዥ መውረዱ ሲታክተው ዜሮ እየጻፈ ቤቱ ይቀመጣል፤ የታወቀ ነገር ነው። በሳይንሱ ይህ የጎደለ መረጃ ይባላል። አይዞዎት፣ ከጎረቤት ጣቢያ፣ ከወርቄ ወንዝ ወስደን ሞልተነዋል።»

«ወርቄ ምንጭ ያለው ወንዝ ነው፤ በጋም ይፈሳል። ደግሞስ የሚሄደው ወደ ሌላ አገር ነው። እኛ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«ዋናው ቅርበቱ ነው።»

አያ ይማምን የወንዙ መሞላት ሳይሆን «ሲታክተው» የምትለው ቃል አንገበገበችው። በጉንፋን አተኩሶት ወደ ወንዙ የሚያወርደውን ገደል በምርኩዝ የወረደበት ጠዋት ሁሉ መጣበት። «ታክቶኝ ብዋሽ ኖሮ ውሃ ነበር የምዋሽልዎት፤ የተጠማ ሰው ዜሮ አይዋሽም» አለ።

«አያ ይማም፣ ተው እንጂ» አለ ሊቀመንበሩ። «ዶክተሩ ተምረው ነው።»

«እኔ መች አልተማሩም አልኩ?»

«በቃ፣ ምሳ በልተን እፈርማለሁ» አለ ዶክተሩ።

ለወንዙ የሚቀርበው የአያ ይማም ቤት ስለሆነ ምሳው የተሰናዳው እዚያ ነው። አያ ይማም ቀድሞ ገባና ጓዳ ዘለቀ።

«ዘሀራ፣ ውሃ ምን ያህል ቀርቷል?»

«ወጡ ጨረሰው። እጅ ማስታጠቢያው ውስጥ ያለው ብቻ ነው።»

«ስታስታጥቢያቸው ሁሉንም አፍስሺው። አትቆጥቢ።»

«ከበሉ በኋላስ በምን ሊታጠቡ ነው?»

«በኋላ እኔ አስታጥባቸዋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በእንግዳ ፊት እንዳታዋርደኝ።»

«የተዋረድነውስ በካርታው ነው» አላትና ወጣ።

ዘሀራ እንደተባለችው እያንቧቧች አስታጠበች። ዶክተሩ እጁ አልበቃው ብሎ ፊቱንና አንገቱን ታጠበ። ፎጣውን እየመለሰ፣ «ይኸው፣ ውሃማ አላችሁ» አለ። ሊቀመንበሩ ሳቀ። አያ ይማም አልሳቀም፤ «ቢስሚላህ፣ ይብሉ» ብቻ አለ።

የፍየሉ ወጥ በርበሬው የጠና ነበር። ዶክተሩ ሲበላ አያፍርም፤ አጥንቱን እየጋጠ፣ መረቁን እያጠቀሰ፣ ቀኝ እጁ እስከ አንጓው ቀልቶ ነው የጨረሰው። ወረቀቱ ጉልበቱ ላይ ተዘርግቶ ፊርማ ይጠብቃል። ብዕሩ ነጭ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው። በዚያ እጅ ብዕሩንም ወረቀቱንም መንካት ስለማይቻል ዶክተሩ «እስቲ ውሃ» አለና እጁን ዘረጋ።

አያ ይማም ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሳፋውን በግራ፣ ማስታጠቢያውን በቀኝ ይዞ መጣ። እንደ ወጉ ጎንበስ አለ። ማስታጠቢያውን በዶክተሩ እጅ ላይ አዘነበለ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ይበልጥ አዘነበለው። ዶክተሩ ከልማድ ጣቶቹን ማሸት ጀምሮ ነበርና በርበሬው እጁ ላይ ተለወሰ።

«አባባ፣ ባዶ ነው እኮ» አለ ዶክተሩ።

አያ ይማም ቀና አላለም። ማስታጠቢያውን እንዳዘነበለ፣ ድምፁንም ከፍ ሳያደርግ፣ «ባዶስ አይደለም ዶክተር» አለ። «የጎደለ መረጃ ነው። እዚህ ጎረቤት እነ ሙሄ ቤት አንድ ማስታጠቢያ ሙሉ ውሃ አለ፤ ከእሱ ወስጄ ሞልቼልዎታለሁ። ይታጠቡ፣ ዋናው ቅርበቱ ነው።»

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ የቤቱን ጣራ መመርመር ጀመረ። ከጓዳ የዘሀራ ሳቅ ተሰማ፤ ቶሎ በነጠላዋ አፈነችው እንጂ።

ዶክተሩ የቀላ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ፣ በግራ እጁ ወረቀቱን አጠፈና ሳይፈርም ወጣ። መኪናው ውስጥ ከነበረው የፕላስቲክ ውሃ ሹፌሩ አንድ ጠርሙስ ከፍቶ አስታጠበው አሉ።

እኔ የቆላ ጉልባን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አላውቅም። በዚያ ቀን ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሰው አያሻግርም ነበር። ደብዳቤ ያመጣው መልእክተኛም ከማዶ ሆኖ፣ ቀበሌው ቀይ መቀባቱን፣ ዜሮም ከእንግዲህ እንደ ቁጥር እንዲቆጠር መፈቀዱን እየጮኸ አነበበላቸው። መቆፈሪያው ማሽን ከመልእክተኛው ኋላ ቆሟል አሉ፤ ውሃ በዝቶበት መሻገር አቅቶት።