የፍግ ላይ ዱባ

አንድ ጊዜ ጀርባዋ በሸክም የተላጠ፣ ጉልበቷም የከዳት አንዲት አህያ ነበረች። ጎረቤቶቿ እመት አህያ ይሏታል። የምትተዳደረው በደጇ ባለው የፍግ ክምር ነው። ፋንድያዋን ከአመድና ከገለባ እየደባለቀች ዓመት ሙሉ ታበሰብሰዋለች፤ ክረምት ሲገባ ዱባ ትተክልበታለች። ያ ክምር ባይኖር በረሃብ ማለቋ ነበር።

ጎረቤቶቿ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ። ጥንብ ሲቆረጥም የሚያድረው አያ ጅቦ እንኳ ሽታው አላስቀምጥ አለኝ እያለ ያማርራል። እመት አህያ ታዝናለች፣ ግን አትመልስም። ከጅብ ጋር መሟገት ለአህያ ደግ አይደለም።

ኅዳር ላይ ጾም ገባና አንበሳ ሥጋ ተወ፤ ቢያንስ እንግዳ ፊት። ቀበሮም ከእመት አህያ ደጅ አንድ ዱባ ሰርቃ ወጥ ሠራችለት። አንበሳ መዳፉን ላሰና እንዲህ ያለ ዱባ የት እንደሚበቅል ጠየቀ። ቀበሮ ቦታውን ተናገረች፣ ፍጉን ግን ዋጠችው። ወዲያው እርሻው የአንበሳ እንዲሆን፣ ቀበሮ እንድታዝበት፣ ጅብ እንዲጠብቀው ተወሰነ።

«እኔስ ምን ልብላ?» አለች እመት አህያ።

«አይዞዎት እመት፣ ለአንበሳ ማዕድ ተመረጡ እኮ!» አለች ቀበሮ።

እመት አህያ «ለአንበሳ ማዕድ» የሚለውን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። ወዲያውም ከወንዙ ማዶ፣ ሣር እንኳ የማይበቅልበት ጭንጫ ላይ ሄዳ ሰፈረች።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ ይኼኛው በሚያውቁት አገር አስነጠፈ። ግንቦት ላይ አንበሳ እርሻዬን ልየው ሲል ግን ቀበሮ ደነገጠች።

«ጌታችንን በዚህ ሽታ መካከል ልናቆመው ነው? ፍጉን ጠርገህ ለዚያች ለባለቤቷ ጣልላት» አለችው ጅብን።

ጅብ ሦስት ቀን ሙሉ እየጎተተ፣ አንዲት ቁንጣሪ ሳያስቀር፣ ፍጉን እመት አህያ ደጅ ቆለለው። እሷም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጅብን እግዜር ይስጥልኝ አለችው። እሱ ከድንጋጤ የተነሣ የምትቀባጥር መሰለው።

ክረምቱ ወጣ፣ ኅዳርም ደረሰ። ከተጠረገው እርሻ የተገኘው ዱባ ሎሚ አያህልም። አንበሳ ተቆጣ። ቀበሮ ጥፋቱን በጅብ ላይ አላከከች።

ጅብም «ጌታዬ፣ እኛ የጠረግነው ሽታውን ብቻ ነው፤ ዱባውን መች ነካነው?» አለ።

ከወንዙ ማዶ ግን ከፍጉ ጋር ከተጎተተው ፍሬ የበቀለ የዱባ ሐረግ ጭንጫውን አልብሶት ነበር። አንበሳ ተሻግሮ ደጅ ጠና። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ፍጉ ውስጥ ገብቷል።

እመት አህያ ከአጥሯ ሳትወጣ፣ «ጌታዬ፣ ይሸትዎታልና ራቅ ይበሉ» አለችው።

«ኧረ ምንም አይሸትም» አለ አንበሳ።

ከዚህ የምንማረው ወጡን ወዶ ፍጉን የተጸየፈ ሁሉ አንድ ቀን ለእሱ ሲባል የተጠረገው ፍግ ላይ ቆሞ እንደሚለምን ነው።