ህልም ይዞ የወጣው ሸማኔ

ሰሞኑን ሰፈራችን ውስጥ ወሬው ሁሉ አረብ አገር፣ አረብ አገር ነው። ጓደኛዬ ሰሚራ እንኳን ሳትቀር ለፓስፖርት ፎቶ ተነስታለች። እኔም እውነቱን ልናገር፣ እሷ የምትሄድበትን አውሮፕላን ሳስብ አንድ ቀን ሙሉ ዋልኩ። ቅዳሜ ታዲያ ፀጉሬን ለምትሠራኝ ለእትዬ ዘሙ ይህን ስነግራት ሳቅ አለችና አንዲት አባባል ጣል አደረገችብኝ። ሰው ሁሉ የሚላት ናት፣ እኔም እላታለሁ፣ ግን ዝም ብላ የተባለች ነበር የምትመስለኝ። ለካ ታሪክ አላት። ሹሩባው እስኪያልቅ ነገረችኝ። ወላሂ እንደዛ የሚያምር ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ሳልረሳው ልንገራችሁ።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። እዚሁ ወሎ፣ ሐይቅ ዳር፣ ይመር የሚባል ሸማኔ ነበር። ሚስቱ ሩቂያ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፣ በዚያው ይኖራሉ። አንድ ዓመት ግን ቆላ ያለውን ጥጥ አንበጣ በላው። ጥጥ ከሌለ ክር የለም፣ ክር ከሌለ ደግሞ ሸማኔ ምን ሊሆን ነው? ይመር ጠዋት ጠዋት እየተነሳ ባዶው መሸመኛ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ ነበር አሉ። ምንም ሳይሠራ፣ እንዲሁ እግሩ ስለለመደ። ሩቂያ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ጎተራው ውስጥ የቀረችው ማሽላ እስክትወልድ እንኳን አታደርሳትም።

ይመር ከሽመና ሌላ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መዋኘት። ሐይቁ ውስጥ ነው ያደገው። ጠልቆ ይገባና ይጠፋል፣ ሰው በቃ ሞተ ብሎ ሊያለቅስ ሲል በሌላ በኩል እየሳቀ ብቅ ይላል። አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ነስሩ የሚባል ነጋዴ ከቀይ ባህር ግመሎቹን እየነዳ መጥቶ ይህን አየ።

"አንተ፣ ይሄን ሁሉ ትንፋሽ ይዘህ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለው።

"ሸማኔ ነኝ።"

"ሸማኔ ሆነህ ነው ልብስህ እንዲህ ያለቀው?"

ዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ፣ ይመርም ሳቀ። ምን ያድርግ፣ እውነት ነው። ከዛ ነስሩ ወደ ጎን ወሰደውና በቀስታ ያወራው ጀመር። ባህሩ ስር ሉል የሚባል ውድ ጌጥ አለ፣ ነጭ፣ ክብ፣ ትንሽ ጨረቃ የሚመስል። "ወገብህ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ትወርዳለህ፣ ለቅመህ ትወጣለህ። አንድ በጋ ብቻ ነው። ስትመለስ ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና ጎተራ ሙሉ እህል ይኖርሃል።"

"የወረደው ሁሉ ይወጣል?" አለ ይመር።

ነስሩ ፈገግ አለ። "አንተን የመሰለው ይወጣል።"

ከዛ ከግመሉ ላይ ሰማያዊ የሐር ሻሽ አውርዶ ሰጠው። ከመጣህ የሚስትህ ነው፣ የሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ጭነን እንነሳለን፣ እስከዚያ አስብበት አለው።

ያቺን ሳምንት ነው እኔ የምወዳት። ሁለቱም ሥራ የላቸውም፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ይላሉ። ሩቂያ ሻሹን ታስርና ውሃው ውስጥ ራሷን ታያለች። ውሃው ሰማያዊ፣ ሻሹ ሰማያዊ፣ ፊቷ ብቻ መሃል ላይ ተንሳፍፎ ይታያል።

"ላሟ ነጭ ትሁን፣" ትላለች።

"ነጭ ትሆናለች።"

"ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት።"

"እሺ፣ እሷን እፈልጋለሁ።"

"ስሟን ሉል እንላታለን።" ከዛ ውሃውን በጣቷ ትነካዋለች። "ባህሩ ግን የኛን ሐይቅ ያክላል?"

"ትንሽ ይበልጣል አሉ።"

"ዳር የለውም ሲሉ ነው እኮ የሰማሁት። ዳር የሌለው ነገር ውስጥ የገባ ሰው በየት በኩል ይወጣል?"

ይመር ድንጋይ ይወረውራል፣ ክቡ እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄዶ ይጠፋል። አንድ ቀን ልቡ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ልቡ ይቀራል። ሩቂያም እንደዛው ናት። ጠዋት ሂድ ያለችው ማታ አትሂድ ትለዋለች።

እሮብ ሊነጋጋ ሲል ይመር ህልም አየ። ውሃ ስር መሸመኛው ላይ ተቀምጧል። ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ነጭ ክር ከላይ እንደ ብርሃን ይወርድለታል፣ እሱ ይሸምናል፣ መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል ኮሽ አይልም። ጨርቁ ጨረቃ ይመስላል። ቀና ሲል ሩቂያን ከውሃው በላይ አያት፣ ጎንበስ ብላ ትጣራለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ ግን አይደርሰውም። ከዛ ነቃ።

አሁን እዚህ ጋ የዚያን አገር ልማድ ማወቅ አለባችሁ። ህልም መጀመሪያ የሰማው ሰው የተናገረው ይፀናል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ከበድ ያለ ህልም ያየ ሰው ለማንም ሳይተነፍስ ቀጥታ ሸህ ጡሃ ጋ ይሄዳል፣ እሳቸው ናቸው ህልም ፈቺው። መንገድ ላይ ሰላም ቢሉት አይመልስም፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ያልፋል። ሰዉም ያውቃል። "ተዉት፣ ህልም ይዟል" ብለው ይለቁታል፣ ልክ ሙሉ እንስራ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሰው። ይመርም ለሩቂያ እንኳን ሳይነግራት አፉን ይዞ ወጣ።

ነስሩ ግን ግመሎቹን ውሃ ሲያጠጣ አገኘው።

"ይመር፣ ደህና አደርክ? ምነው፣ ጥርስህን አመመህ?"

ይመር ራሱን ነቀነቀ።

"ገባኝ፣ ህልም አይተሃል። ያማረ ህልም ነው መሰለኝ፣ ፊትህ በርቷል። በነጭ ነገር የተሞላ ነው አይደል?"

ይመር ክው አለ። ነጩን ክር በምን አወቀው? ሰውየው እኮ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሉል ሲያወራለት ነው የከረመው፣ ምን ሌላ ሊያልም ኖሯል? ይመር ግን ይህ አልታየው። አፉን ለቀቀና ዘረገፈለት።

"ኸይር ነው፣" አለ ነስሩ ወዲያው። "ነጩ ክር ሉል ነው። ጨርቁ ሀብትህ ነው። ሚስትህ ድምጿ የጠፋው በደስታ አፏ ተይዞ ነው። በቃ፣ ተፈታልህ።"

ይመር እየሮጠ ቤቱ ገባ። "ሩቂያ፣ ተፈታ፣ እሄዳለሁ።" ሁሉንም ነገራት።

ሩቂያ እስኪጨርስ ሰማችውና "ማን ፈታልህ?" አለች።

"ነስሩ።"

"ህልምህን ለሚወስድህ ሰው ታስፈታለህ?"

"ተፈታ እኮ፣ ምን አደርጋለሁ? የተባለው አይቀርም።"

ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ሐሙስ ጠዋት እጁን ይዛ እየጎተተች ሸህ ጡሃ ደጅ ወሰደችው። ሸህ ጡሃ አዳመጡና "የወጣ ቃል ልመልስ አልችልም። የፈታውን ሰው ግን ጥሩት" አሉ። ነስሩ ግመሎቹን ጭኖ፣ ደስ ብሎት መጣ።

ሩቂያ ሸህየውን አስፈቅዳ ወደ ነስሩ ዞረች። "ልጅ አለዎት?"

"አለኝ። ይመርን የመሰለ ጎረምሳ ነው። ሲዋኝ ብታዪው ዓሣ ነው።"

"እሱም ሉል ያወጣል?"

"እሱ ሱቅ ነው የሚቀመጠው።"

"ይሄን ህልም ያየው እሱ ቢሆንስ? ውሃ ስር ተቀምጦ፣ እናቱ ከላይ ስትጣራ ድምጿ አልደርስ ብሎት፣ ጠዋት መጥቶ ቢነግርዎት ምን ብለው ይፈቱለታል?"

ነስሩ ግመሎቹን አየ፣ መሬቱን አየ። "አላህ አይበለው፣" አለ ቀስ ብሎ። "እግሩን እንኳን ውሃ አላስነካውም።"

ካለ በኋላ ነው ያለውን የሰማው።

ሩቂያ ሻሹን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ግመሉ ላይ አስቀመጠችው።

"በሬዎቹ ግን ውሸት አልነበሩም፣" አለ ነስሩ።

"አውቃለሁ፣" አለች። "እኔን ያስፈሩኝም እነሱ ናቸው፣ ለነሱ ብዬ ሂድ ስለው ነበር።"

አልዋሻችሁም፣ ያ ዓመት ከባድ ነበር አለች እትዬ ዘሙ። ይመር በታንኳ ሰው እያሻገረ፣ ሩቂያ የሰው እህል እየፈጨች ነው የከረሙት። ነጭ ላም አልመጣችም። ሴት ልጅ ተወለደችላቸው፣ ጥጡም በዓመቱ በቀለ።

ያን ዕለት ጠዋት ግን ግመሎቹ ከአቀበቱ ጀርባ እስኪጠፉ ይመር ሲያያቸው ቆየና፣ ልቡ አላርፍ ስላለው ሸህ ጡሃን "ሸህዬ፣ የኔ ህልም ግን አንዴ ተፈትቷል፣ አሁን ምን ሊሆን ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ትከሻውን ያዝ አድርገው እንዲህ አሉት፦ "ላንተ ሲሆን በሬ፣ ለገዛ ልጁ ሲሆን ሞት ብሎ ራሱ የፈታውን ራሱ አፈረሰው፤ እንግዲህ ለማን እንደምትነግር እወቅ ልጄ፣ ህልም እንደ ፈቺው ነው።"