በመንክር እጅ የተመደበ ቅርጫ

ገደራ መንደር ውስጥ ሰዎች ተካፍለው ሲያበቁ አንዱ ፊቱን ካጠቆረ የሚጠቅሷት አባባል አለች። ልጆቹ ከአዳም ጀምሮ የነበረች ይመስላቸዋል። እሷ ግን የመጣችው ከአንድ የፋሲካ ቅርጫ ነው።

የሰፈሩን ቅርጫ የሚመድበው መንክር ነበር። አሥራ ሁለት ሰው በጋራ የገዛውን በሬ ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት ቦታ እኩል ይከፍለዋል፤ ብርንዶው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ሳይቀር ለየመደቡ ይዳረሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ «ጎደለብኝ» ያለው ሰው የለም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገር ነበር። ሐኪም ቤቱ ሩቅና ውድ ስለሆነም በዚያው እጁ፣ በጉጠት፣ የድሃውን ጥርስ ይነቅላል።

በዚያ ፋሲካ ዕጣ ከመጣሉ በፊት እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«ቅር ያለው አለ?»

«እኔን ቅር ብሎኛል» አለ ድንጋይ ፈላጩ ይርዳው።

ሁሉም ዞሮ አየው። መንክር ቢላዋውን መጥረግ አቆመ።

«የቱ ነው የጎደለው?»

«አልጎደለም፣ ጋሼ። ብርንዶዬን ውሰዱና ጉበት ስጡኝ ነው የምለው። ሁለት ወር ግድም ጾሜ ዛሬም ሥጋ ሳልቀምስ ልዋል?»

«ቅርጫ ምርጫ የለውም። ዛሬ አንተ ጉበት ብትመርጥ ነገ ሁሉም ሽንጥ ይመርጣል።»

መንክር ስሙ የተነካ መሰለውና ከባለ ድርሻዎቹ አንዱ ከሆነው ከባለ ወፍጮው ከአቶ ላቀው ቤት ሚዛን አስመጣ። አሥራ ሁለቱም መደብ ተመዘነ፤ አንዱ ካንዱ አልበለጠም። ደስ ብሎት ከተራፊው ብርንዶ ሁለት እኩል ጉርሻ ቆርጦ አንዱን ለላቀው፣ ሌላውን ለይርዳው አጎረሰ።

ላቀው አላምጦ ዋጠና አፉን ጠረገ። ይርዳው ከጉንጭ ጉንጭ ሲያዟዙራት ቆይቶ፣ ፊቱን አዙሮ መዳፉ ላይ ተፋት።

«እናንተ እኩያ አይደላችሁም እንዴ?» አለ መንክር።

«ክርስትና የተነሳነው በአንድ ቀን ነው» አለ ይርዳው።

«ታዲያ የሱ ጥርስ እንዴት ተረፈ?»

«እሱን ሲያመው ከተማ ይሄዳል፤ ሐኪሙ ይሞላለታል። እኔን ሲያመኝ እርስዎ ጋ እመጣለሁ።»

መንክር የነቀላቸውን በልቡ ቆጠረ። በዚያ አፍ ውስጥ የራሱ ጉጠት ያልደረሰበት ቦታ አልነበረም። አንዳንዱ ጥርስ ትንሽ ብቻ የተቦረቦረ እንደነበርም ትዝ አለው፤ እሱ ግን መንቀል እንጂ መሙላት አያውቅም። ይርዳውም በነቀለለት ቁጥር መርቆት ነበር የሚሄደው። አፈረ።

ዕጣው ወጣ። መንክር ከራሱ መደብ ጉበቱን አንስቶ ይርዳው ቅጠል ላይ አኖረ፤ ብርንዶ ግን አልወሰደበትም።

«ሥርዓቱስ?» አለ ላቀው። «እኩል ነው ብለህ አስመዝነኸን የለም?»

መንክር ሚዛኑን አንስቶ ለላቀው መለሰና እንዲህ አለ፦ «መደቡ እኩል፣ መንጋጋው ለየቅል።»