ለወንድም የተሰጠ አገር

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ ነው፣ መርሳ ከተማ ውስጥ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታላቋ ትርንጎ፣ መካከለኛው ንጋቱ፣ የመጨረሻው ሸጋው ይባላሉ። እናታቸው ስትሞት የተወችላቸው አንድ የጭቃ ቤት፣ ጓሮ ያለ አንድ ማንጎና አፍ ሙሉ እንቆቅልሽ ነው። ቤቱንና ማንጎውን ሦስቱም ወረሱ፤ እንቆቅልሹ ግን የገባው ትርንጎ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው።

ትርንጎ ተብታባ ነበረች። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ደንበኛ ሲጠይቃት የምትመልሰው በጣቷ ነው። ስሟን እንኳ ስትጠየቅ «ት» ላይ ቆማ ትቀራለች፤ ሰውም ደግ የሠራ መስሎት ቃሉን ይጨርስላታል፤ እሷን ደግሞ ከስድብ ይልቅ ይሄ ያንገበግባታል። ነገር ግን «እንቆቅልሽ!» ያለች እንደሆነ ምላሷ ይፈታል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ፊደል አያደናቅፋትም። ለምን እንደሆነ ሐኪምም ቄስም አልነገራት፤ እሷም ደስታዋን መመርመር አልፈለገችም።

ንጋቱ ደግሞ ዓይን ነበረው። በአሮጌ ስልክ ያንን የጭቃ ቤት ቢያነሳው ቤተ መንግሥት ያስመስለዋል። ሸጋው መቀስ ነበረው ማለት ይቻላል፤ የተቀረጸውን እየቆረጠና እየቀጠለ፣ ሰው ጣቱን ከስልኩ ላይ እንዳያነሳ ማድረግ ያውቅበታል። ታዲያ ሦስቱ ተማክረው በንጋቱ ስልክ፣ በንጋቱ ስም የእንቆቅልሽ ቻናል ከፈቱ። ስሙን «አገር ስጠኝ» አሉት። መቼም እንቆቅልሽ መፍታት ያቃተው አገር እንደሚሰጥ፣ ጠያቂውም ያልጣመውን አገር እየመለሰ፣ የጣመውን ሲያገኝ ተቀብሎ፣ ሰጪውን ዘለፍ አድርጎ መልሱን እንደሚናገር ያልሰማ የአገራችን ልጅ የለም።

ትርንጎ ሥራው ሳይጀመር አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፦ ከእንቆቅልሹ ውጪ ያለውን ድምፄን ማንም አይስማ፣ መንተባተቤ አይታይ። ወንድሞቿ እጃቸውን አንስተው፣ «የእማማ አጥንት ይውጋን!» ብለው ማሉላት።

በዓመቱ ሠላሳ ሺህ ሰው ተከተላቸው። ትርንጎ ስድስቱን ቀን ዝም ትላለች፤ እሑድ ረፋድ ላይ ግን ማንጎው ሥር ተቀምጣ እንደ ልቧ ታወራለች፣ ትቀልዳለች፣ ትሳደባለች። ለእሷ ቻናል ማለት ይኸው ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሰው የምትሆንበት ቦታ።

ከዚያ ተመልካቹ እየቀነሰ መጣ። ተመልካቹ የት ላይ ጥሎ እንደሚወጣ የምታሳይ አንዲት መስመር ቻናሉ ውስጥ አለች፤ ሸጋው እሷን ሲያይ ምግብ እምቢ ይለው ነበር።

«እታለም፣ ሰው አሥር ሰከንድ እንኳ አይቆይልንም፤ እየሞትን ነው» አላት።

«ም... ም... ምን ይሻላል?»

«መቶኛውን እንቆቅልሽ በቀጥታ እናስተላልፍ። ያን ቀን ጠያቂው እኔ፣ ተጠያቂዋ አንቺ።»

ሳቀች። የእናቷን እንቆቅልሽ ጠጥታ ያደገች ሴት የታናሽ ወንድሟ እንቆቅልሽ ምን ያስፈራታል? ሳታቅማማ እሺ አለች።

እሑድ ደረሰ። አራት ሺህ ሰው ገብቶ ይጠብቃል። ንጋቱ ካሜራውን ይዟል።

«እንቆቅልሽ!» አለ ሸጋው።

«ምን አውቅልህ!»

«አደባባይ ስትወጣ ፈረስ፣ ቤቷ ስትገባ አንካሳ።»

ትርንጎ በቅሎ አለች፣ ጀልባ አለች፣ ሙሽራ አለች። አንዱም አልሆነም። «አገር ስጪኝ!» አላት። ደሴን ሰጠችው፤ «አልፈልግም!» አለ። ወልድያን ሰጠችው፤ «አልፈልግም!» አለ። ጨዋታው ሞቋት፣ እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች፣ «እንግዲያው ይኸንኑ ቻናል ሰጠሁህ! እሱንም አልፈልግም በለኝ!» አለችው።

ያኔ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ፊቷ ቀረበ። መልሱ ገና አልተነገረም።

«ተቀብያለሁ! አገርሽን ገዝቼ፣ አንቺን ደጅ አስጠንቼ ልኑርልሽ!» አለ ሸጋው። «መልሱ የአንቺ ምላስ ነው፣ እታለም!»

ጨዋታው አለቀ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ምላሷም አብሮ ታሰረ። «የእማማ አጥንት» ልትል ነበር፤ «የ... የ... የ...» ብላ ቀረች። አንገቷ ተገተረ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ቃሉ አልወጣም። አንድ ደቂቃ ሙሉ አራት ሺህ ሰው አያት፤ ካሜራውም ከፊቷ ንቅንቅ አላለም። ሸጋውን ተወችው፤ የተመለከተችው ንጋቱን ነው። ካሜራው የቀረበው መልሱ ከመነገሩ በፊት ነው፤ እንግዲያው ንጋቱም ያውቅ ነበር ማለት ነው። የሸጋው ቃል አቆሰላት፤ የንጋቱ እጅ አለመንቀጥቀጡ ግን አንጀቷን ቆረጠው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል እየሰማች ያደገችው በሰው ወንድም ነበር፤ አሁን በራሷ ደረሰ።

ሸጋው በዚህ አላበቃም። ያቺን አንድ ደቂቃ ቆርጦ ለብቻዋ ለቀቃት፤ በሦስት ቀን ስድስት መቶ ሺህ ሰው አያት። ግማሹ እንደ እሷ እየተንተባተበ ቀለደባት። ግማሹ አለቀሰላት። ከአርሲ አንዲት እናት፣ «ልጄም እንደ እርስዎ ናት፤ እርስዎን ካየች በኋላ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች» ብላ ጻፈች።

ንጋቱ በአራተኛው ቀን ቪዲዮውን አወረደው። የቻናሉን የይለፍ ቃልም ቀየረና በሸጋውም በትርንጎም ላይ ዘጋባቸው።

ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ማንጎው ሥር አልተቀመጠችም። ብቻዋን ሆና እንኳ «እንቆቅልሽ» ብላ አታውቅም። እንቆቅልሹም ተቆልፎ ካገኘሁት ምን ይቀረኛል ብላ ፈራች።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። የተሰበሰቡት ጋሽ ይመር ቤት ነው፤ ጋሽ ይመር የእናታቸው የጨዋታ ጓደኛ ነበሩ።

ሸጋው ተነሣ። «ቃሌን አፍርሻለሁ፣ አልክድም። ነገር ግን እኔ ሰው ባልጠራ እታለም የምትጫወተው ለማንጎ ዛፍ ነበር። የአርሲዋ ልጅ እጇን ያወጣችው በማን ነው? ደግሞም ቻናሉን በአራት ሺህ ሰው ፊት ሰጥታኛለች። የተሰጠ አገር አይመለስም፤ ጨዋታው የእናታችን ነው፣ ሕጉም የእናታችን ነው።»

ንጋቱ ተነሣ። «ማወቅስ አውቄ ነበር፤ ዝም ማለቴ በደል ነው። ግን መሳለቂያ ስትሆን ያቆምኩትም እኔው ነኝ። ከፋቹ እኔ፣ ስሙም የእኔ። ለሸጋው ብሰጠው ነገ ደግሞ ሌላ ያርዳል፤ ለእሷ ብሰጣት ተናዳ ታጠፋዋለች። ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቆይ።»

ትርንጎ ተነሣች። ነጠላዋን አጠበቀች። «እ...» አለች። «እ... እ...» ሸጋው ቃሉን ሊጨርስላት አፉን ሲከፍት፣ ጋሽ ይመር በከዘራቸው መሬቱን መቱና ዝም አሰኙት። ጠበቋት። ቤቱ ሁሉ ጠበቃት።

«እንቆቅልሽ!»

ሽማግሌዎቹ ሳያስቡት፣ እንደ ልጅነታቸው በአንድ አፍ፣ «ምን አውቅልሽ!» አሉ።

«ሦስት ሆነው ቤት ሠሩ። አንዱ እንግዳ ጠራ፣ አንዱ በር ከፈተ፣ ሦስተኛዋን አርደው አበሉ። ቤቱ የማን ነው?»

አንዲት ፊደል አላደናቀፋትም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«አገር ስጡኝ!» አለች።

«ደሴን ሰጠሁሽ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ይመር።

«አልፈልግም።»

«ጎንደርን ሰጠሁሽ።»

«አልፈልግም። የምፈልገውን ያውቁታል።»

እንቆቅልሽ ያልፈታ መስጠት አለበት፤ የምትጠይቃቸው አገር ግን አንድ ጊዜ በጨዋታ ተሰጥቷል፣ ቁልፉም በሌላ ሰው እጅ ነው። ጋሽ ይመር ቀጠሮ ሰጥተው ሸንጎውን በተኑ፤ እስከ ዛሬም አልፈረዱም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። እንግዳ የጠራው ሸጋው አለ፣ ቁልፉን የያዘው ንጋቱ አለ፣ ታርዳ የቀረበችው ትርንጎ አለች። አገሩ ለማን ይገባል? ካላወቃችሁ አገር ስጡኝ፤ ደሴን ግን እኔም አልፈልግም።