ጭስ የለመደው ቀፎ

አንድ ንብ አርቢ ነበረ። አስካለ ልጄ፣ «ረሃብን ዝም የሚያሰኝ ማቅጠኛ መርፌ አለ ይሉኛል፤ እሱን ልወጋ ወይስ በምግብ ልሞክር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሴ ያለው ከዚህ ሰው ጓሮ ነው፤ ሳታቋርጪ ስሚኝ።

ሰውየው ሃያ ቀፎ ከአባቱ ተረክቧል። የአባትየው ዐይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው የንቦቹን ድምፅ ይሰማሉ። ሌላ ደስታ አልቀረላቸውም። ከቀፎዎቹ ጀርባ ያለው ተዳፋት ግራዋው፣ ጦስኙ፣ አደዩ፣ ስሙ የማይታወቀው አረም ሁሉ ተደበላልቆ የበቀለበት ነበር።

ሰውየው ኑሮው ሲሻሻል ያ ዱር ያሳፍረው ጀመር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የድሃ ጓሮ ይመስላል» እያለ ይሳቀቅ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ አስመነጠረውና ከዳር እስከ ዳር ስንዴ ዘራበት። አማረለትም።

ስንዴ ግን ለንብ ምኗም አይደለም። ንቦቹ ተራቡ፤ ቤት መግባት፣ ጠላ ውስጥ መውደቅ፣ ሰው መንደፍ ጀመሩ። ስኳር በውሃ በጥብጦ ቢሰጣቸው ለጊዜው ጸጥ ይሉና ብሰው ይመጣሉ። በመጨረሻ መላ አገኘ፤ ማር ሲቆረጥ የሚጨሰውን ኩበት ማለዳ ማለዳ ያጨስባቸው ጀመር። ዝም አሉ። ቤቱ ሰላም ሆነ፤ እሱም ተገላገለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን በዚያ ሰሞን ደስ ይለኝ ነበር።

አባትየው ብቻ አልጣማቸውም።

«ንቦቹ ምነው ዝም አሉ?» አሉት።

«ጠግበው ነው፣ አባባ።»

«ንብ ሲጠግብ እኮ ዝም አይልም፣ ልጄ። እኔም አጨስ ነበር፤ ጭስ ግን አበባ አይሆናቸውም። እስቲ ቀፎውን ክፈትና እይ።»

«እሺ» አለ እንጂ አልከፈተም። እንደገና መትከል ዓመታት ይፈጃል፤ ኩበት ግን ደጁ ላይ አለ። ደግሞም ቢከፍት የሚያየውን ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ፈርቶ ነው። አባትየው በየጠዋቱ ይጠይቃሉ፤ እሱም «ጠግበው ነው» ይላል።

አንድ ቀን ኩበቱን ዝናብ መታውና አልጨስ አለ። ሰውየው አሁን ይወጡብኛል ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ጠበቀ። አንድም አልወጣም። የአባቱን ትልቁን ቀፎ አውርዶ ከፈተው። የማር እንጀራው ደርቆ ባዶውን ቀርቷል፤ ከሥሩ አንድ እፍኝ የሞቱ ንቦች አሉ። የቀሩትንም ቀፎዎች ከፈተ፤ ሁሉም ያው ነው።

«አባባ፣ ስዋሽዎት ነው የከረምኩት» አለ። አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰውየው ስንዴውን ነቅሎ ግራዋ ተከለ። ግራዋው በሦስተኛው ዓመት አበበ፤ ንብም ከሌላ መንደር መጣ። አባትየው ግን በሁለተኛው ዓመት ሞተዋል።

እንግዲህ ልጄ፣ ቀፎው ሆድሽ ነው። ውስጡ ዐይን የማያያቸው ብዙ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ። ከሽምብራው፣ ከገብሱ፣ ከጎመኑ፣ ከተልባው ሆድሽ መፍጨት ያቃተውን ሻካራውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። «ጠግበናል» የሚለውን ወሬ ወደ ሰውነትሽ ከሚያደርሱትም መካከል ናቸው ይላሉ የተማሩት። አንቺ ግን ከተማ ከገባሽ ወዲህ ያንን ሁሉ የድሃ ምግብ ነው ብለሽ መነጠርሽው፤ በቦታው ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ዘራሽበት። መርፌውን አልረገምኩም፤ ሐኪም አይቶ ካዘዘልሽ ተወጊው፤ ጭስም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ብቻ ዝም ያለ ሁሉ የጠገበ እንዳይመስልሽ።

ሆዴ ይጮኻል ብለሽ አማረርሽብኝ። እኔ ግን ስሰማሽ ተስፋ አደረግሁ፤ ያ ሰው ቀሪ ዕድሜውን ሲመኘው የኖረው ንቦቹ ሳያልቁ ያሰሙትን ያንን የረሃብ ድምፅ ነበር። በይ ሂጂ፣ ለምሳሽ ጎመን ጣጂ።