ሊዋይ ሳትጠይቅ ያኘከችው ቡዮ

በአንድ ወቅት፣ ደሴት በበዛበት በፊሊፒንስ ምድር፣ ሊዋይ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ከታላቅ ወንድሟ ከማሊግ በቀር ዘመድ የላትም። ማሊግ ጀግና ነው፤ የጀግና እህት ደግሞ እንቅልፍ የላትም። አንድ ማለዳ መንደሩን ሊውጥ ከመጣ የባሕር ዘንዶ ጋር ገጠመ። ዘንዶውን ገደለው፤ እሱም ቆስሎ እዚያው ሞተ።

የደሴቱ ሰዎች ለዚህ አንድ መድኃኒት ያውቃሉ፤ ቡዮ የሚባል ማኘኪያ ነው። ጫት የለመዳችሁ አትጎምዡ፤ ይሄኛው ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሐረግ ቅጠል፣ የዘንባባ ፍሬና ከተቃጠለ ዛጎል የሚወጣ ኖራ። ሦስቱ አፍ ውስጥ ሲገናኙ ምራቅ ደም ይመስላል። የሟች ገላ ሳይቀዘቅዝ እህቱ አኝካ ደረቱ ላይ እንትፍ ካለችበት ይነሳል። ግን ዘንዶው ያስነሳው ማዕበል መንደሩንም ዳርቻውንም ጠራርጎ፣ ከሦስቱ አንዱንም አላስቀረም። ሊዋይ የወንድሟን እግር እየዳበሰች፣ "ሊቀዘቅዝብኝ ነው እኮ" ትላለች።

ሊዋይን ለማግባት የሚመኙ ሦስት ወንድማማቾች ይህን ሰሙ።

ትልቁ ሲናግ እጁ የጨበጠውን የማይለቅ ነበር። ሰው ወጥቶት የማያውቅ ገደል ወጥቶ ቅጠሉን ቀነጠሰ። ሲወርድ ናዳ ቀኝ እጁን አደቀቀው። "ይኸው" ብሎ በግራው ሰጣት።

መካከለኛው ባኖግ የሚበር ጋሻ ነበረው። ማዶ ወዳለው የጠላት ደሴት በርሮ ፍሬውን ለቀመ። ጋሻው በጦር ተበሳስቶ ባሕር ሲገባ፣ እሱ ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ እየዋኘ መጣ። አፉን የከፈተው ፍሬውን ሊዋይ መዳፍ ላይ ሲጥል ብቻ ነው።

ትንሹ ታሊም የትም አልሄደም። እናቱ ስትሞት የሰጠችው፣ ሲነፋ ነፋስ የሚጠራ ዛጎል ነበረው። ጀልባውም እንጀራውም እሱ ነው። እሳት ላይ ጣለውና ፊቱን አዞረ። "ኖራው ደርሷል፤ ውሰጂው" አለ።

ሊዋይ ሦስቱን ጠቅልላ አኘከች፤ እንትፍ አለች። ማሊግ ተነፈሰ፤ ተነሳ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ አገር የአንድን ወንድ ቡዮ ያኘከች ልጃገረድ ሚስቱ ናት። ስለዚህ አፏ ከማድረጓ በፊት "የማን ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ሊዋይ ግን ጨንቋት ሳትጠይቅ አኘከች። ባለቤቱ ሳይጠራ ጣዕሙ ካለቀ ደግሞ፣ በቡዮው የተነሳ ሰው ተመልሶ ይወድቃል።

"እህቴ፣ የማንን ነው ያኘክሽው?" አለ ማሊግ።

"ያለ ቅጠል ምን ይጠቀለላል?" አለ ሲናግ።

"ቅጠል ብቻማ ፍየልም ይበላል" አለ ባኖግ።

"ያለ ኖራ አይቀላም" አለ ታሊም።

እጃቸው ወደየጎራዴያቸው ሄደ። ሊዋይ "የሦስታችሁም ነው" ልትል ነበር፤ ወጉ ግን የሚቀበለው አንድ ስም ብቻ ነው። የትኛውን እንደምትወድ ራሷን ጠይቃ አታውቅም፤ አሁን ልጠይቅ ብትል ልቧ የሚያሰማት ፍርሃቷን ብቻ ነው። በአፏ የያዘችው ጣዕም እየሳሳ ነው። የማሊግ ከንፈር እንደገና መገርጣት ጀምሯል።

እናንተ ዳኞች፣ ተከራከሩ፤ ግን ቶሎ በሉ። ሊዋይ የማንን ስም ትጥራ?